ሐሜተኛው ሲመጣ መስኮት ክፈቱ

ባሌ መስታወት ገጣሚ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ጥሩ ሙያ ነው» ይለኛል። ጥሩነቱን ለእኔ ተዉት! በእኛ ከተማ መስታወት መግጠም ማለት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ቆሞ ወለል መወልወል ነው።

ድንበሩ ከከተማችን ጀርባ ካለው ኮረብታ ማዶ ነው። ከማዶ ያሉት ሰዎች ከእኛዎቹ ጋር የተኮራረፉት ልጄ ከመወለዷ በፊት ሲሆን፣ ልጄ አድጋ፣ ተድራ፣ ሌላ ከተማ ገብታም ኩርፊያው እንዳለ ነው። በወጉ አይዋጉም፣ በወጉ አይታረቁም። የእኛዎቹ አንድ ቀርፋፋ አውሮፕላን አላቸው፤ ሆዱ ሥር ካሜራ ተገጥሞለታል ይባላል። ድንበሩን ታክኮ፣ ሳይሻገር፣ እያጓራ ይመላለሳል። ማዶ ምን መጣ፣ ምን ተቆፈረ፣ የማን መኪና የት ቆመ፣ ሁሉንም ያያል። መንግሥት «የቅኝት አውሮፕላን» ይለዋል። እኛ «ሐሜተኛው» እንለዋለን። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሰው ጓዳ የሚያይ ሌላ ምን ይባላል?

ሐሜተኛው ብቻውን ቢሆን ማንም አይጠላውም ነበር። ድምፁ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው፣ ከሩቅ ይሰማል። ጣጣው ተከትሎት የሚመጣው ነው። ማዶዎቹ እሱን ለማባረር ተዋጊ ጄቶቻቸውን ያስነሳሉ፤ የእኛዎቹም እሱን ለመከለል የራሳቸውን ያስነሳሉ። ከዚያ እላያችን ላይ እንደጠገቡ ወይፈኖች ይገፋፋሉ። አይተኳኮሱም። አንዱ በአንዱ አፍንጫ ሥር ሽው ብሎ ያልፋል፣ ይዞራል፣ ያስፈራራል፣ ይመለሳል። ከድምፅ ቀድመው ሲበሩ ግን ያ ፍንዳታ ይመጣል። ጓ! ምድር ትዘላለች፣ መስኮት ይረግፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ማታ ሬዲዮው «የአየር ክልላችንን ሊጥሱ የሞከሩ የጠላት ጄቶች በጀግኖቻችን ተመልሰዋል» ይላል። የማዶው ሬዲዮም ያንኑ ይላል፣ ጀግኖቹን ብቻ ቀይሮ። ስለ መስታወቱ ትንፍሽ የሚል የለም።

ሰው መቼም የማይለምደው የለውም፣ ከተማው ዘዴ አበጀ። መስኮቱ ክፍት ከሆነ ፍንዳታው ገብቶ ይወጣል እንጂ መስታወቱን አይሰብርም። ይህን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ባሌ «እኔ ነኝ» ይላል፣ ፀጉር አስተካካዩም «እኔ ነኝ» ይላል፤ ሁለቱ በዚህ ተጣልተው ባሌ ለወራት ፀጉሩን እኔ ስቆርጥለት ኖሯል፣ አቆራረጤንም ከተማው ሁሉ አይቶታል። ብቻ የሐሜተኛው ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ፣ ቀድሞ የሰማው «ክፈቱ!» ብሎ ይጮሃል። ጎረቤት ከጎረቤት ይቀባበለዋል። አስተማሪው ጠመኔውን ጥሎ ይከፍታል፣ ዳቦ ጋጋሪው በሊጥ እጁ ይከፍታል፣ ገላዋን የምትታጠበዋም ፎጣዋን እንደያዘች ትከፍታለች። የክሊኒኳን ነርስ «መርፌ ወግታ ሳትነቅል ሮጣ ከፍታለች» እያሉ ይቀልዱባታል። ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወቅት እንኳ ከተማው ሙሉ መስኮቱን በርግዶ፣ ጥርሱን እያፋጨ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ ይቆማል። ጄቶቹ ጮኸው ሲሄዱ «ዝጉ!» ይባላል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል።

ይህም ሆኖ የሚሰበረው አይጠፋም። ባለቤቱ መንገድ የሄደበት ቤት አለ፣ ማጠፊያው የዛገ መስኮት አለ፣ እንቅልፍ የጣለው ሰው አለ። ስለዚህ ባሌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

እሱን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቹ በጠባሳ የተሸነታተሩ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን መስታወት ተሸክሞ በየበሩ ስለገባ፣ ባዶ እጁን እንኳ ሲሆን በር ላይ ሲደርስ በጎኑ ነው የሚገባው። በሠርጋችን ማግሥት እናቴ ቤት በጎኑ ሲገባ አይታ «ልጄን ለሸርጣን ነው እንዴ የዳርኳት?» ብላ ነበር። ሰው ቤት ሲሄድ መጀመሪያ መስታወቱን በጥፍሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ቤተኞቹን ሰላም የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። አያማርርም፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሲሰበር ይገጥማል። በማግሥቱ ያው መስኮት ሲሰበር ሜትሩን ኪሱ ይከትና «ልኩን አውቀዋለሁ» ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን እንኳ ሰማዩን ቀና ብሎ አይቶ ቢረግም ምናለበት? እርግማኑን ሁሉ ለእኔ ትቶት፣ እኔ በሁለታችን ስም ስረግም ኖርኩ።

የራሳችንን ቤትማ አታንሱብኝ። የመስታወት ገጣሚ ቤት መስኮቱ ኮምፔንሳቶ ነው። «መስታወቱ ለሰው ይበቃ እንደሆነ እንጃ፣ እኛ መብራት አለን» ብሎ እንጨት መታበት። ቀኑን ሙሉ አምፖል አብርቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

አሁን ስለ ልጄ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ስለሆነ። አንድ ናት። ከእኛ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ ከተማ ነው ያለችው። የመጀመሪያ ፅንሷ ሲወርድባት እኔ እዚህ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት ጄቶቹ ብሰው፣ ወታደሮች መንገዱን ዘግተው፣ መሄጃ አጣሁ። ስደርስ ከሆስፒታል ወጥታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ፣ እጄን የሚይዘኝ ሰው አጣሁ» ብቻ አለችኝ። ያቺ ቃል አንጀቴ ውስጥ ገብታ ቀረች። ምጣድ ስወለውልም፣ ልብስ ሳጥብም ትመጣብኛለች። ስለዚህ ሁለተኛውን ስታረግዝ «በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ፣ እጅሽን እይዛለሁ» ብዬ ማልኩላት። እሷም ለእኔና ለአባቷ አንድ ክፍል አዘጋጀች። ጠቅልላችሁ ኑ፣ ሰማይ ፀጥ ያለበት አገር ኑሩ አለች።

«እሺ አንተ ሰው፣ ምን ትላለህ?» አልኩት።

«ይህን ሁሉ ሰው ያለ መስኮት ጥዬ?»

«ሰዉ አንተን ወልዶሃል እንዴ? የወለድካት እዚያ ናት!»

«መስታወቱ እስኪ አንድ ክረምት ሳይሰበር ይክረም» አለኝ። «ያን ጊዜ እኔው ቀድሜሽ አውቶቡሱ ላይ እወጣለሁ።» እንግዲህ አልሄድም ማለቱ ነው አልኩና ተውኩት።

ከዚያ ሐሜተኛው ቀረ።

አንድ ቀን አልመጣም፣ በማግሥቱም አልመጣም። ሰው ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል፣ ዝም ነው። ሐሜተኛው ሲቀር ጄቶቹም ቀሩ። በዚያ ሰሞን ከካምፕ አንድ ሻለቃ ለመመገቢያ አዳራሻቸው መስታወት ሊያስቆርጥ ሱቅ መጣ። ትሑት፣ ሳቂታ ሰው ነው፣ እወደው ነበር። ባሌ እየለካ «ሻለቃ፣ ሐሜተኛችሁ የት ጠፋ?» አለው። ሻለቃው ሳቀና «ጡረታ ወጣ፣ ጋሼ» አለ።

በቃ። «ጡረታ ወጣ» የምትለዋ ቃል ከሱቃችን ወጥታ ገበያ ስትደርስ «ሊታረቁ ነው» ሆነች፤ ከገበያ ተመልሳ ቤቴ ስትመጣ «ታርቀዋል» ሆና መጣች። የነገረችኝም ጎረቤቴ፣ እኔው ራሴ ጠዋት የነገርኳት ሴት ናት! እኔም ደስ ስላለኝ አመንኳት።

ያንን ክረምት ከተማችንን ብታዩት! ሰው መስኮቱ ላይ የለጠፈውን ፕላስተር ልጦ ጣለ። መጋረጃ ሰፋ። አልጋውን ከጓዳ አውጥቶ ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ሥር አስጠጋ። ሻይ ቤቱ ከመንገዱ ወገን ያለውን ግድግዳ አፍርሶ ሙሉ መስታወት አደረገው፣ ደንበኛውም ልክ እንደ ሱቅ ዕቃ ተደርድሮ ይታይ ጀመር። «ክፈቱ» የሚባለው ነገር ተረሳ። የነርሷ ቀልድ እንኳ ቀረ። የባሌ ረዳት ሥራ ሲጠፋ ሌላ አገር ሄደ። ባሌ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ የመስታወት ማጣበቂያውን ስቱኮ እያድበለበለ ይውላል። ከፀጉር አስተካካዩ ጋር እንኳ ታረቀ፣ ሥራ ሲፈታ ምን ያድርግ! አንድ ቀን ቤት በጎኑ ገብቶ ተቀመጠና «መስታወቱ ከረመ» አለኝ።

«እና?»

«እናማ እንሂድ።»

ዘልዬ አቀፍኩት። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ኮረዳ ዘለልኩ፣ አላፍርም። ልጄ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቷታል። ደውዬ «መጣንልሽ!» ስላት አለቀሰች። ቲኬት ቆረጥን። ዕቃ ሰጠሁ፣ ሸጥኩ፣ ቋጠርኩ።

የመሄጃችን ዋዜማ ጠዋት ሻንጣ ላይ ተቀምጬ ዚፑን እየታገልኩ ነበር። ባሌ ሰው ሊሰናበት ወጥቷል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ምንም ድምፅ የሌለበት። የወፍጮ ድምፅ የለ፣ «ክፈቱ» ያለ የለ። ድንገት ጓ! ገና ተነስቼ ሳልቆም ሌላ፣ በላዩ ሌላ። ከስንት ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም። ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። በሁለት ፍንዳታ መካከል ከተማው ሙሉ እንደ ዕቃ መደርደሪያ ሲወድቅ ይሰማኛል። ሁሉም መስኮቱን ዘግቶ፣ ሁሉም ከመስታወቱ ሥር ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

ስወጣ መንገዱ በረዶ የጣለበት መስሏል። ሻይ ቤቱ የሰው ጩኸት ብቻ ሆኗል። የቀድሞው ፖስተኛ፣ ጎረቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ጋዜጣ ሲያነብ ነበር፤ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ በጣቶቹ መሃል ደም እየወረደ በሩ ላይ ቆሟል። «ማነው? ማነው ያለው?» ይላል። ክንዱን ይዤ ወደ ክሊኒክ ወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ የምንራመደው መስታወት ላይ ነው።

ማታ ሬዲዮው ተናገረ። «በሰው አልባ የቅኝት አውሮፕላናችን ላይ የተቃጣው ጥቃት ከሽፏል» አለ። ለካ አዲስ አምጥተዋል! አብራሪ የለው፣ ድምፅ የለው፣ ከደመና በላይ ሆኖ ክረምቱን ሙሉ ማዶን ሲያይ ከርሟል። ማዶዎቹ ያን ቀን ገና ማየታቸው ነው። ሲያዩት ያላቸውን ጄት ሁሉ አስነሱ፣ የእኛዎቹም አስነሱ። እኛ ደግሞ ሐሜተኛው ካልጮኸ ምንም የለም ብለን ተኝተናል።

በማግሥቱ ሻለቃው ጉዳቱን ሊያይ መጣ። ጉንጩ ላይ እሱም ተሰፍቷል። ሁልጊዜ እርስዎ የምለውን ሰው አንተ አልኩት።

«ጡረታ ወጣ አላልከንም? በአፍህ አላልከንም?»

«ብያለሁ፣ እትዬ» አለኝ። «ሐሜተኛው እውነትም ጡረታ ወጥቷል። የወጣውን ነገርኳችሁ። የገባውን መንገር ግን አልችልም ነበር።»

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኑን ሳይ ተውኩት። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው፤ የባሌን ዓይን መሰለኝ። ከማን ጋር ልጣላ? ደከመኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መራገምም ደከመኝ።

ባሌ አውቶቡሱ ሳይነሳ «አንቺ ሂጂ» አለኝ።

«ማን ይይዝልሃል?»

«አይጠፋም።»

ጠፋ እንጂ! እጁን መስታወት ያልቆረጠው ሰው የራሱን ቤት ይጠርጋል። ትልቅ መስታወት ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዱ ሲመታ ሌላው ይይዛል። የሰማይ ስባሪ የሚያህለውን መስታወት ብቻውን ታቅፎ በነፋስ ሲንገዳገድ መንገድ ላይ አየሁትና ሻንጣዬን አስቀምጬ ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ ነበር፣ ነገ አልኩ። ቀጥሎ ቤታቸው ሕፃን ያለባቸው ተሰለፉ። እቀራለሁ ብዬ የወሰንኩበት ሰዓት የለም፤ ነገ ነገ ስል ነው የቀረሁት። ደግሞ ገና ጊዜ አላት እያልኩ ራሴን ሳታልል ነበር።

ጊዜ የላትም ኖሯል። አንድ ማለዳ አማቼ ደወለ። «ምጡ ቀድሞ ጀመራት፣ ሆስፒታል ነን» አለኝ። አውቶቡሱ ሄዷል፣ ቢኖርም የሚደርሰው ማታ ነው። «አንቺን አንቺን ትላለች» አለ። «ሐኪሞቹ ስልክ ይዛ ማዋለጃ ክፍል እንዳትገባ ብለዋል። ልትገባ ስትል ትደውልልሻለች፣ ድምፅሽን ሰምታ ልግባ ብላለች።»

«ትደውል! እጄ ላይ ነው በላት፣ ከእጄ አላወርደውም!» አልኩት።

ያን ጊዜ ክሊኒኩ በር ላይ ነበርን። ከኮረብታው ወገን ዝናብ ጠቁሮ እየመጣ ነው። ቁስለኞቹ የተኙበት ክፍል ትልቁ መስኮት ላስቲክ ተወጥሮበት ነፋሱ እያርገበገበው ነው። ከሱቅ የተረፈ ትልቅ መስታወት ይዘነው የመጣነው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚያመጣው መኪና ገና አልደረሰም። ባሌ ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ። «ቶሎ እንጨርሰዋለን፣ ትንሽ ነው» አለኝ። ለእኔም ትንሽ ነገር መሰለኝ። ስልኩን ሹራቤ ኪስ ከተትኩ።

ባሌ ከውጭ መሰላል ላይ ወጣ፣ እኔ ከውስጥ ወንበር ላይ ቆምኩ። የመስኮቱ የውስጥ ጠርዝ በፍንዳታው ተገንጥሎ ሄዷል፤ ስለዚህ እሱ ከውጭ ሚስማሩን መትቶ፣ ስቱኮውን ሞልቶ፣ ዞሮ ገብቶ አዲስ ጠርዝ እስኪመታበት ድረስ መስታወቱን ከውስጥ የሚደግፈው የእኔ ሁለት መዳፍ ብቻ ነው። ከመስኮቱ ሥር ፖስተኛው ተኝቷል። ዓይኖቹም እጆቹም በፋሻ ተጠቅልለዋል። አልጋውን እንዳንገፋው ክፍሉ መነሳት በማይችሉ ቁስለኞች ሞልቷል። ነርሷ ለሌላ በሽተኛ ተጠርታ ወጥታለች።

ነፋሱ ከውጭ ይገፋል፣ እኔ ከውስጥ እገፋለሁ። ባሌ የመጀመሪያውን ሚስማር ሲመታ ስልኩ ጮኸ።

ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አንድ እጄን ላነሳ ሞከርኩ፣ መስታወቱ ወደ እኔ ዘመም አለ። መለስኩት። በግንባሬም ደገፍኩት።

«እትዬ፣ ስልክሽ ነው እኮ» አለ ፖስተኛው።

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ላንሣልሽ?» አለና ሁለት የተጠቀለሉ እጆቹን ከብርድ ልብሱ አወጣ። ወዴት እንደሚዘረጋቸው አያውቅም፣ አየር ላይ ይፈልገኛል። «የት ነሽ?»

«ተወው፣ ጋሼ። እጅህ ይደማብሃል። ተኛ።»

ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። አሁን በሩ ላይ ናት አልኩ በልቤ፣ ጋሪው ላይ ተኝታ ስልኩን ይዛ፣ ነርሶቹ በቃ ግቢ እያሏት። እንደገና ጮኸ። «ነርስ!» ብዬ ተጣራሁ፣ መዶሻውና ነፋሱ ዋጠው። ልልቀቀው? ልልቀቀው፣ ይርገፍ፣ ለዚህ ከተማ የተሰበረ መስታወት ብርቅ አይደለም አልኩ። ከሥሬ ፖስተኛው በዚያ በታሰረ ፊቱ ቀና ብሎ ወደ ድምፁ ይዞራል። እንባዬ አገጬ ላይ ሲደርስ እንኳ የምጠርግበት እጅ የለኝም። ስልኩ ሁለተኛ ዝም አለ፣ ከዚያ በኋላ አልጮኸም።

ባሌ ከውጭ፣ ሚስማር በከንፈሩ ነክሶ፣ መስታወቱ ውስጥ ፊቴን አየ። መዶሻውን አቆመ። ሚስማሩን ከአፉ አወጣና «ምን ሆንሽ? ስልክሽ ጮኸ እንዴ? ማን ነው?» አለኝ።

«ማንም አይደለም» አልኩት። «አንተ ምታ።»